ዜሮ ያልነው ቤት

እኔ ማሽን አላምንም። ከማሽን ጋር ውዬ የማድር ሰው እንዲህ ስል ያስቃል፤ ግን ማሽን ማመን ማለት ማሽኑን የያዘውን ሰው ማመን ነው። የያዘውን ሰው ደግሞ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝ።

ሥራዬ ድሮን ማብረር ነው። ሠርግ የሚቀርጹበት ዓይነት ትንሹ አይደለም። ስድስት ክንፍ ያለው፣ ተሸክሜው ደረጃ ስወጣ ወገቤን የሚቆርጠኝ፣ ሆዱ ሥር የምሳ ዕቃ የሚያህል ሳጥን የታሰረለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች አየሩን እየሳቡ ምን ያህል አቧራ፣ ምን ያህል ጭስ፣ ምን ያህል መርዝ እንዳለበት ይለካሉ፤ ቁጥሩ ከካሜራው ምስል ጋር እጄ ላይ ባለው ስክሪን ይወጣል። ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ከጡብ ማቃጠያው በላይ እናበረዋለን። ሲነሳ ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል፤ ስለዚህ ጢንዚዛ አልነው።

«አልነው» ስል እኔና ሚዛን ማለቴ ነው። ሚዛን የመሥሪያ ቤታችን ኬሚስት ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ሰውዬው ሻዩ ላይ ስኳር ሲጨምር እንኳ ማንኪያውን ወደ ዓይኑ አንስቶ ካላስተካከለ አይጨምርም። ሲናገርም እንደዚያው ነው። «ምሳ በላህ?» ሲሉት «በከፊል» ይላል። ከእኔ ጋር እንዴት እንደምንግባባ ሁሉም ግራ ይገባዋል። እኔ ቶሎ የምነድ፣ ቶሎ የምበርድ ነኝ። እሱ አይነድም፣ አይበርድም።

ነገሩ ጉድ መሆን የጀመረው ጡብ ማቃጠያው ላይ ነው። ምድጃዎቹ ሁሉ እየነደዱ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ስክሪኑን ሳይ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ቁጥር ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ይዟል።

«ከዜሮ በታች ሦስት» አልኩ።

«አይሆንም» አለ ሚዛን፣ ከመኪናው ጀርባ ሆኖ።

«እየሆነ ነዋ። ና እየው።»

መጥቶ አየው። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየው። «ጋዝ ወይ አለ ወይ የለም» አለ። «ከየለም በታች ምን አለ?»

እኔም የጨነቀኝ ይኸው ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ያ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ሰው የሚገድለው ነው። ሽታ የለውም፣ መልክ የለውም። ሰውዬው እንቅልፌ መጣ ብሎ ጋደም ይላል፤ በዚያው ይቀራል። ጡብ ማቃጠያ ላይ ደግሞ እንደ ልብ መኖር አለበት። ማሽኑ ግን እዚህ ቦታ ላይ ምንም ከሌለበት ቦታ ያነሰ አለ ይለኛል። ሠራተኞቹ አንገታቸውን አቅንተው ጢንዚዛን ያያሉ፤ እኔ ቁጥሩን አያለሁ፤ አንድ የማላውቀው ነገር ከጀርባዬ የቆመ መሰለኝና ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም።

ስለ ዜሮ አሁን ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ሴንሰር የሚባለው ነገር ውሎ ሲያድር ዜሮውን ይዘነጋል። ስለዚህ ከመብረሩ በፊት ንጹህ አየር እናስሸትተውና «ምንም የለም ማለት ይኼ ነው» እንለዋለን። አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ በቃ። ከዚያ በኋላ የሚያገኘውን አየር ሁሉ ከዚያኛው ጋር እያስተያየ ነው የሚነግረን። ለዚሁ ብለን በሲሊንደር የታሸገ ንጹህ አየር ነበረን፤ ከጡብ ማቃጠያው ቀን ቀደም ብሎ አለቀ። አዲሱ ታዘዘ። እኛ መሥሪያ ቤት የታዘዘ ዕቃ እስኪደርስ ደግሞ ያዘዘው ሰው ጡረታ ይወጣል።

«ለጊዜው ንጹህ አየር ያለበት፣ ነፋስ የማይረብሸው ቦታ እንፈልግ» አለ ሚዛን። እኔ ምንም ሳላስብ እናቴ ቤት አልኩ።

የእማ ቤት ኮረብታው አናት ላይ ነው። ከመኪና መንገድ የራቀ፣ ዙሪያውን ዛፍ፣ ፊት ለፊቱ በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ያለው። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ቤቱን በእረፍት ቀኑ እየቆፈረና እየገነባ በገዛ እጁ ነው የሠራው። መሠረቱን ሲቆፍር ጠርሙስ፣ የጫማ ሶል፣ አንዴም የአሻንጉሊት ክንድ ይወጣ እንደነበር ይነግረን ነበር። «ከእኛ በፊት ሰው ኖሮበታል» ይልና መቆፈሩን ይቀጥላል። ከዚያ በላይ አያወራም። አባቴ ቃል የሚሰስት ሰው ነበር። ሰላምታ እንኳ አይሰጥም፤ ከሥራ ሲመጣ በጓዳ በር ይገባና ሁለቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እህ፣ እህ። መጣሁ ማለቱ ነው። ባለፈው ዓመት አረፈ።

በየጠዋቱ ሚዛን ጢንዚዛን ከመኪናው እያወረደ ሲያዘጋጅ እኔ ሳጥኑን ይዤ በረንዳው ላይ አስቀምጣለሁ። እማ ሻይ ታቀርባለች። ቁጥሩ እስኪረጋ እንጠብቅና ቁልፉን እጫናለሁ። ቆይቶ ቤቱ በመሥሪያ ቤታችን ስሙ ዜሮ ሆኖ ቀረ። «ዜሮ ደረሳችሁ?» ይሉናል በስልክ። «ከዜሮ ተነስተናል» እንላለን። ይኼ እማ ጆሮ ገባ።

«ቤቴን ዜሮ አላችሁት አሉ» አለች ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ዱቅ አድርጋ። «ሰውዬው ወገቡ እስኪጎብጥ የሠራውን ቤት።»

«እማ፣ ዜሮ ማለት ቆሻሻ የሌለበት ማለት ነው።»

«ምንም የሌለበት ማለት ነዋ።»

«ምንም መጥፎ ነገር የሌለበት።»

አሰበችበት። «እሱስ እውነት ነው» አለች። «መጥፎ ነገርስ የለበትም።»

ብርዱ ሲገባ እማ መስኮት መዝጋት ጀመረች። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፤ ዕድሜ ነው፣ ብርድ ነው አልኩ። ደግሞ ቤቱ ከታች ይሞቃል። ጫማዬን ሳወልቅ ወለሉ ለብ ይላል፤ ጓዳው አጠገብማ እግር ማንሳት አያስመኝም ነበር። «የአባትሽ ሥራ ነው» ትለኛለች፣ በኩራት። ጥሩ መሠረት የጣለ ቤት ሙቀት ይይዛል ብዬ አለፍኩት። ልብ አላልኩም እንጂ ጎረቤቶቹ ሁሉ ስለ ብርዱ ሲያማርሩ እሷ በነጠላ ጫማ ነበረች።

አንድ ጠዋት ግን የመስኮቱን ክፍተት ሁሉ በጨርቅ ደፍና አገኘኋት። የድሮ ሸሚዝ ቀድዳ፣ ጠቅልላ፣ በቢላዋ ጫፍ እየጎሰጎሰች።

«እማ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሲከፈት ይሄዳል።»

«ሙቀቱ?»

ሻዩን ቀዳችልኝ። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለራሷ፣ አንድ ደግሞ ጠርዙ በተሸረፈው በአባቴ ስኒ። ማሽን ነክቼ ስለምኖር ይሆናል ሰው ሲናገር ቃሉን ብቻ ነው የምሰማው። ሙቀትም ሲሄድ «ይሄዳል» ነው፣ አባትም ሲሄድ «ይሄዳል» ነው። ያኔ ማናቸውን እንዳለች ደግሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም ራሴን እበላለሁ።

በዚያው ሰሞን እኔም ሰማሁት። በረንዳው ላይ ቁጥሩ እስኪረጋ ስጠብቅ ጭንቅላቴ ከብዶኛል፤ ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብያለሁ። ሚዛን ውጪ መኪናው ጋ ነው። እማ አጠገቤ ክር ትፈታለች። ከጓዳው በር ጀርባ፣ ቀስ ብሎ፣ እህ፣ እህ አለ።

ክው አልኩ። እማ ከክሯ ቀና ሳትል ፈገግ አለች።

«ሰማሽ አይደል?»

«ጎረቤት ነው» አልኩ።

«ጎረቤት ጓዳዬ ምን ያደርጋል?»

ተነስቼ በሩን ከፈትኩት። የአባቴ ካፖርት ተሰቅሏል፣ የመጨረሻ ዘመኑን እግሩ ላይ ጣል የሚያደርጋት ብርድ ልብስ ታጥፋለች፣ የሾፌር ቆቡ መደርደሪያው ላይ ነው። ሰው የለም። ሳጥኔን ይዤ ወጣሁ፤ መኪና ውስጥ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ ብዙ ተነፈስኩ። እኩለ ቀን ላይ ራስ ምታቱም ለቀቀኝ። ለሚዛን አልነገርኩትም። ምን ልበለው? «የሞተ አባቴ ሳለ» ብለው «ስንት ጊዜ?» ነው የሚለኝ።

የሚገርመው ማሽኑ ሊነግረን ሞክሮ ነበር። በየጠዋቱ ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ቁጥሩ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሰኞ ትንሽ፣ በማግስቱ ሌላ ትንሽ። ሳጥኑን ይዤ ወጥቼ ለሚዛን ሳሳየው «ሴንሰሩ ከዜሮው እየተንሸራተተ ነው» ይላል። «ዜሮ አስይዢው።» አስይዘዋለሁ። ቤቱ ንጹህ መሆኑን አስቀድመን ወስነናልና አየሩን ትተን ማሽኑን ጠረጠርን። ሴንሰሩን እንኳ አውጥተን በሌላ ቀየርነው፤ ሌላውም ያንኑ አለ። ከተማ ስንወርድ ደግሞ ቁጥሩ ከዜሮ በታች እየሰመጠ ይሄዳል። መናኸሪያው ከዜሮ በታች፣ ፋብሪካው ከዜሮ በታች፣ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ከዜሮ በታች። አቧራው እንደ ወትሮው ነው፤ የሰመጠው ያ አንዱ ጋዝ ብቻ ነው። ኃላፊያችን ግን ደስታውን አልቻለውም። «ከተማችን እየጸዳች ነው» ብሎ በስብሰባ ላይ ተናገረ። ከምንም በታች የጸዳ ከተማ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀው የለም። እኔ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስሄድ ሳልወድ በግድ ትንፋሼን መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ሲሊንደሩ አንድ ቀን መጣ፤ ያዘዘው ሰውም እውነትም ጡረታ ወጥቶ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ወደ እማ አልወጣንም። ሳጥኑን መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ በሲሊንደሩ አየር ዜሮ አስያዝነውና መናኸሪያው ዳር ቆመን ጢንዚዛን አስነሳነው። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። የመናኸሪያ ቁጥር ሆነ፣ እንደ ድሮው ቆሻሻ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ማሽኑ ድሮም ደህና ነበር ማለት ነው» አለ ሚዛን። ጣቱን እያጣጠፈ አሰበ። «ልዩነቱን ልክ ነው የነገረን። መናኸሪያው ከዜሯችን በታች ነው አለን፤ መናኸሪያው እውነትም ከዜሯችን በታች ነበር። የቆሸሸው...»

አላስጨረስኩትም። እሱ ገና ቃሉን እየመዘነ ነው፤ እኔ ግን መናኸሪያው ላይ ሽቅብ ያለውን ቁጥር እያየሁ፣ ከዚህ ሁሉ የአውቶቡስ ጭስ የባሰው አየር የማን ቤት እንዳለ ገብቶኛል። ስልኬን አወጣሁ።

«እማ፣ መስኮቱን ክፈችው።»

«ምነው፣ ደህና አይደለሽም?» ቃሏ ይጎተታል፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው።

«መስኮቱን ክፈችና ወደ ውጪ ውጪ። አሁኑኑ።»

«ሻይ ቀድቼለት?»

«እማ፣ ቤቱ ውስጥ መርዝ አለ። እባክሽ ተነሺ።»

«ሲከፈት ይሄዳል አልኩሽ እኮ» አለች፣ ሳትቆጣ፣ ለልጅ እንደምታስረዳ። «እስከ ትናንት ጓዳ ብቻ ነበር። ዛሬ በረንዳ ወጣ። አጠገቤ ተቀምጧል።» ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሳትዘጋው አስቀመጠችው። ድምፅዋን ከሩቅ እሰማለሁ። ታወራለች፣ ታቆማለች፣ መልስ እንደሰማ ሰው «ልክ ነህ» ትላለች፣ እንደገና ታወራለች።

ሚዛን አምቡላንስ እየጠራ ነው። ጎረቤቶቹ በዚያ ሰዓት ሥራ ናቸው። መኪናችንን አራት አውቶቡሶች አጥረውታል፤ መንገዱ ደግሞ ኮረብታውን ዞሮ ዞሮ ነው የሚወጣው። ጢንዚዛ ግን ሰማይ ላይ ነበር። አፍንጫውን ወደ ኮረብታው አዞርኩት።

እንደዚያ ቀን አብርሬ አላውቅም። ጣራዎቹ በስክሪኑ ላይ ይሮጣሉ፣ ዛፎቹ መጡ፣ ዛፎቹ አለፉ፣ የአባቴ ቆርቆሮ ጣራ ታየኝ። ከጓዳው በላይ ባለችው ትንሽ ማናፈሻ አጠገብ ዝቅ ሳደርገው ቁጥሩ አበደ። ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ አፍ ላይ እንኳ እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። ሚዛን ከትከሻዬ በላይ እያየ የማይለውን አለ፤ «የፈጣሪ ያለህ» አለ።

ጢንዚዛን ወደ በረንዳው አዞርኩት። በመስታወቱ ውስጥ እማ ትታየኛለች። ሁለት ስኒ ሻይ ፊቷ አለ። ከእሷ አጠገብ ያለው ባለ ረጅም መደገፊያ ወንበር ባዶ ነው። ባዶ ነው ማለት ያቺ ብርድ ልብስ ናት ያለችበት፤ መቀመጫው ላይ አልተጣለችም፣ አልታጠፈችም። ሰው ቢቀመጥበት ጉልበቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው የተዘረጋችው፣ ጫፎቿ ወደ ታች ተጠቅጥቀው።

እማ ድምፁን ሰማች መሰለኝ፣ ቀና ብላ ካሜራውን አየችው። ፈገግ አለች። ወደ ወንበሩ ዞር ብላ በጣቷ እያሳየችው የሆነ ነገር ነገረችው። ስልኩ አሁንም አልተዘጋም ነበርና ሰማሁት።

«ልጅህ መጣች» አለችው።

ከዚያ እጇ ወረደ። ጭንቅላቷ ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ አዘነበለ፣ አዘነበለና መሃል ላይ ቆመ፣ ልክ ትከሻ ያገኘ ይመስል። ወንበሩ መደገፊያ አለው፤ አውቃለሁ። መደገፊያው ያን ያህል ወደፊት እንደማይመጣ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለተቀመጥኩበት አውቃለሁ።

ማሰቢያ ጊዜ አልነበረም። ጢንዚዛን ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ከእማ የራቀውን የዳር መስታወት መረጥኩ፣ በሙሉ ጉልበት ለቀቅሁት። መስታወቱ ስክሪኑን ሞላው። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ፤ በስልኩ ውስጥ ደግሞ የመስታወት ድምፅ ተንኮታኩቶ መጣ።

በእግሬ ይሁን በመኪና እንዴት እንደደረስኩ በደንብ አላስታውስም። አምቡላንሱ ቀድሞናል። ጢንዚዛ ወለሉ ላይ ክንፉ ተሰባብሮ ወድቋል፣ መጋረጃው በነፋሱ ይወዛወዛል፣ እማን ኦክስጅን አድርገውላት ያወጧታል። ትተነፍስ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እኔ ሰው ፊት አላለቅስም።

ሆስፒታል ስትነቃ ሐኪሙ አለ፣ ሚዛን አለ፣ እኔ እጇን ይዣለሁ። ሁላችንንም ተራ በተራ አየችና እኔ ላይ ቆመች።

«ለምን አባረርሽው?» አለች።

በኋላ ባለሙያዎች መጥተው ኮረብታውን ቆፈሩት። ኮረብታ አይደለም ለካ። የከተማው የድሮ ቆሻሻ መጣያ ነው፤ አፈር አልብሰውት፣ ዛፍ ተክለውበት፣ ሰው ረስቶት፣ እኛ ቤት ሠርተንበታል። ከሥሩ እሳት ይዞታል። ነበልባል የለው፣ ጭስ የለው፣ ድፍን ብሎ ለዓመታት ይግላል። ጋዙ ስንጥቅ ፈልጎ ይወጣል፤ የእኛ ስንጥቅ ጓዳው ውስጥ ነበር። የሰፈሩን ሰው ሁሉ አስወጡት። ሐኪሙም ለእማ በትዕግሥት አስረዳት፤ ይኼ ጋዝ አእምሮ ላይ ሲወጣ የሌለ ያሳያል፣ የሌለ ያሰማል አላት። እማ ጨዋ ናት፣ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሲወጣ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ብዙ ተምሯል» አለችኝ።

እኔ ጋ አመጣኋት። አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ መስኮቴ ሰፊ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከፍቼ እተወዋለሁ። ግድግዳው ላይ የጋዝ መለኪያ ሰቀልኩ። ደሟ ጸዳ፣ ልቧ ደህና ነው ተባለ፤ እሷ ግን ቀን በቀን እየሟሸሸች ሄደች። የቀረበላትን ምግብ ቀመስ አድርጋ ትተወዋለች። ክሯን አትነካም። በሩ በኩል ትቀመጥና ደረጃው ላይ ሰው በሳለ ቁጥር ቀና ትላለች። አንድ ማታ «እዚህ ቤት አያውቀውም» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ከመርዝ ያወጣኋትን ሴት ንጹህ አየር ውስጥ አስቀምጬ እያየኋት ልትሞትብኝ ነው አልኩ።

ስለዚህ ዕቃ ላመጣላት ወደ ኮረብታው ሄድኩ። ልዩ ፈቃድ ይዘን፣ እኔ የመተንፈሻ ጭምብል አድርጌ፣ መለኪያ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ። ሚዛን አጥሩ በር ላይ ቆመ። «ቶሎ» አለኝ። «ቶሎ ማለት ቶሎ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።»

በረንዳው ላይ የተሰበረው መስታወት እንደ ነበረ ነው። ፎቶዎቹን ያዝኩ፣ የተሸረፈውን ስኒ ያዝኩ፣ ያቺን የአባቴን ብርድ ልብስ አነሳሁ። ከዚያ ጓዳ ገባሁ። ወለሉ በጫማዬ በኩል ይሞቃል። መለኪያው መጮህ ጀመረ። ካፖርቱ ተሰቅሏል፤ ቆቡን ከመደርደሪያው አወረድኩ። እዚያ ላይ መውጣት ነበረብኝ።

በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። ጭምብሉን አወለቅሁ።

እብደት ነው፤ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ምን እንደምተነፍስ፣ ደሜ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ አባቴን ለመስማት ምን ያህል መተንፈስ እንዳለብኝ፣ ያን ያህል ከተነፈስኩ ደግሞ በእግሬ እንደማልወጣ አውቃለሁ። ግን ናፍቆኝ ነበር። ዓመት ሙሉ በእማ ሐዘን ተሸፍኜ የራሴን ሳላለቅስ ቀርቻለሁ። መለኪያውን በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ ድምፁን አፈንኩትና ጆሮዬን ጣልኩ። ካፖርቱ እሱን እሱን ይሸታል፤ የአውቶቡስ ናፍጣ፣ ሳሙና። ሌላ ምንም የለም። ጠበቅሁ። ምንም የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ሳል አልኩት በሆዴ፣ አንድ ጊዜ።

ሚዛን ከአጥሩ በር መጥቶ የጓዳውን ግድግዳ ከውጪ ደበደበ። «ጨረስሽ?»

ጭምብሉን መለስኩ። «በከፊል» አልኩት።

ቤት ስደርስ እማ በሩ በኩል እንደ ተቀመጠች ነው። ስኒውን አየች፣ ቆቡን አየች፣ ብርድ ልብሱን ከእጄ ተቀብላ አሸተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች።

«አለ?» አለች።

ልነግራት የነበረው ሌላ ነው። የጋዙን ነገር፣ የሐኪሙን ነገር፣ ምንም እንዳልሰማሁ። ዓይኗን ሳየው ግን አፌ ሌላ ተናገረ። «ሰላም ብሎሻል» አልኳት።

ፊቷ ተፈታ፣ ከዚያ ሳቀች፣ ስንት ወር ያልሰማሁትን ሳቅ። «ውሸታም» አለች። «አባትሽ መቼ ሰላም ብሎ ያውቃል?»

እኔም ሳቅሁ። ያቀረብኩላትን ምግብ በላች፤ ደግማ ጨመረች። ሁለት ስኒ ሻይ ቀዳችና አንዱን በተሸረፈው አደረገችው። ብርድ ልብሱን ወስዳ አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ፣ ጉልበት በሚሆንበት ቦታ ዘረጋችው፣ ጫፎቹን ጠቀጠቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳች፣ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ዘጋችው።

ግድግዳው ላይ ያለውን መለኪያ አየሁ። ዜሮ ይላል። በሲሊንደሩ አየር እኔው ራሴ ያስያዝኩት ነው፣ እውነተኛ ዜሮ።

መስኮቱን አልከፈትኩትም። ከእማ ጎን ተቀመጥኩ፤ ሻዩ እየበረደ፣ ሁለታችንም ወደ እኔ ቤት ጓዳ በር ጆሯችንን ጣልን።